«ቡዳ በላብኝ» ብዬ ጮህኩ፤ አሁን እንዴት ልመልሰው?

ጥያቄ

እንደምን ከረማችሁ? የምጽፈው ከጎጃም፣ ከጅጋ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ ነው። የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ጥቅምት ላይ የስድስት ዓመቱን ልጄን ትኩሳት ያዘው። አማቴ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ አሽተው አጠጡት። በማግስቱ ሌሊት መንቀጥቀጥና መለፍለፍ ጀመረ። እኔም ደንግጬ «ልጄን ቡዳ በላብኝ!» ብዬ ጮህኩ፣ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አማቴ ጭስ እያጨሱ «ማን ነው የበላህ? እሷ ናት? እሷ ናት?» እያሉ ሲጠይቁት የሸክላ ሠሪዋን ጎረቤታችንን ስም ጠራ። ሴትዮዋን ከመኝታዋ ቀስቅሰው አመጧትና «እንትፍ በይበት» አሏት። እሷም እንትፍ አለች። ልጁ ግን ባሰበት። ሲነጋ የባሌ ወንድም ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ወባ ነው ተባለ፣ በመርፌ ተረፈልኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጭንቀቴ የሴትዮዋ ነገር ነው። ገበያ ላይ ጀበናዋን የሚገዛት ጠፋ። ልጆች ቤቷን በድንጋይ ይደበድባሉ። ሰባተኛ ክፍል የነበረች ልጇ ትምህርት አቆመች። እኔ በክፋት አላልኩም፣ ሰው ሲደነግጥ የሚለውን ነው ያልኩት። ልናገር ስል አማቴ «እንትፍ ስላለች ነው የዳነው፣ ዝም በይ፣ ነገሩ ወደ ቤታችን ይዞራል» ይሉኛል። እሳቸው ሁለት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባቸዋል፣ ሁለቱንም ቡዳ በላብኝ ነው የሚሉት። ምን ላድርግ? አማቴ በልጄ አንገት ላይ ያሰሩለትን ክታብስ ልፍታው?

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ልጅሽን ማረልሽ። የባልሽን ወንድም መርቂልኝ። ያን ሌሊት ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቦ ቆሞ ሲያይ ልጁን ተሸክሞ የሄደው እሱ ብቻ ነው።

በቀጥታ ልንገርሽ። «በክፋት አላልኩም» ያልሽውን አምንሻለሁ። እናት ልጇ ሲንዘፈዘፍ እያየች ቃል አትመርጥም፣ ስታድግ የሰማችው ነው አፏ ላይ የሚመጣው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ እሱ «ቡዳ» ነው። ግን ድንጋይ የሚወረውሩት ልጆች ክፋት ይኑርሽ አይኑርሽ አልጠየቁሽም። ቃሉን ብቻ ነው ይዘው የሄዱት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አንቺ የምታስቢው የቃሉ ክፋት ስድብነቱ ይመስለኛል። ስድብ ብቻ ቢሆን እኮ ይቅርታ ተብሎ ያልቅ ነበር። «ቡዳ በላው» ሲባል ግን በአንድ አፍታ ሁለት ነገር ይሆናል። «ልጁን ምን አመመው?» የሚለው ጥያቄ እዚያው ይዘጋል። «ማን አደረገው?» የሚለው ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚሯሯጠው ሰው ፍለጋ ነው፤ ትኩሳቱን በእጁ የሚዳስስ እንኳ አይገኝም። ልጁም ጎረቤትሽም በዚያችው ቃል ተጎዱ፤ እሱ ሕክምናው ዘገየበት፣ እሷ ስሟ ጠፋ።

እስቲ ያን ሌሊት መልሰን እንየው። ልጁ እየነደደ ነው። ጭሱ አፍኖታል። አያቱ «እሷ ናት? እሷ ናት?» ይሉታል። «እሷ» ማን እንደሆነች ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል። ልጁም ያውቃል፣ በደጃፏ ነው የሚያልፈው፣ «እዚያ ቤት እንዳትበላ» እየተባለም አድጎ ይሆናል። ታዲያ የማንን ስም ይጥራ? የጠየቁት መልሱን አብረው ሰጥተውት ነው። ደህና ጤነኛ ሰውም ቢሆን እንቅልፍ ነስተው፣ ጭስ አፍንጫው ሥር ይዘው ደጋግመው «እሷ ናት?» ቢሉት «አዎ» ብሎ ይገላገላል። እኛ ግን ይህን ልፈፋ ከምስክር ቃል አስበልጠን እንይዘዋለን፤ «ራሱ ቡዳው ነው በልጁ አፍ የተናገረው» ይባልና በቃ፣ ይግባኝ የለውም። የስድስት ዓመት ልጅ በትኩሳት ተቃዥቶ በተናገረው አንድ ስም አንዲት ሴት ከእንቅልፏ ተነጥቃ ሰው ፊት ቆመች። «አልተፋም» ብትል ምን ይደርስባት ነበር? አስቢው። ብትተፋ አመነች ይባላል፣ ባትተፋ ልጁን ልትገድለው ነው ይባላል።

መለፍለፉ ከየት እንደመጣ ደግሞ ይኸውልሽ። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት የገባባቸው ቀይ የደም ሕዋሳት የአንጎል ቀጫጭን የደም ሥሮች ላይ ይጣበቃሉ፣ ደሙ እንደልብ አይዘዋወርም። በዚያ ላይ የደም ስኳር ይወርዳል። ያን ጊዜ ልጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል፣ የሌለ ሰው ይጣራል፣ ራሱን ይስታል። ማጅራት ገትርም እንዲሁ ያስለፈልፋል። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬ፣ ወምበርማ፣ ወደ ዓባይ የሚወርደው ቆላ፣ ይህ ሁሉ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ወባ የሚበረታበት አገር ነው። ልጅሽ የታመመው ጥቅምት ላይ ነው። ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

አማትሽ «እንትፍ ስላለች ነው የዳነው» ይላሉ። በአንቺው አፍ «ልጁ ግን ባሰበት» ብለሻል። እንዲህ ላለው ከባድ ወባ የሚሰጠው መርፌ አብዛኛውን ጊዜ አርቴሱኔት ነው፤ እሱ የሚገድለው የወባውን ተውሳክ ነው፣ ስለ ቡዳ የሚያውቀው ነገር የለም።

በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በ1951 መጀመሪያ አገራችን ውስጥ ደጋ ደጋውን ሳይቀር ያዳረሰ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ «ተበላ» ተብሎ እንደተቀበረ ማን ቆጥሮ?

ሌሎቹንም ቃሎች እንዳናልፋቸው። «ምች ነው»፣ «ጥርስ ሊያበቅል ነው»፣ «ነገ ይሻለዋል»። እነዚህ ማንንም አይወነጅሉም፣ እንዲያውም ያጽናናሉ። ክፋታቸው አንድ ሌሊት መብላታቸው ነው፤ ፋልሲፓረም ካልታከመ ደግሞ ወደ ከባድ ደረጃ ለመድረስ አንድ ቀንና ሌሊት ይበቃዋል። ዳማከሴውን ማንም አልከለከለም። አሽተሽ አሽትቺውና በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ውሰጂው። ጤና ኤክስቴንሽኗ ከጣቱ ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ወስዳ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውስጥ ትነግርሻለች። ጸበልም እንዲሁ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፤ ወባ ሲሆን የሚለወጥበት ምክንያት የለም። አሁን ደግሞ መንገዱ እንደ ድሮው በፈለጉት ሰዓት የሚኬድበት አይደለም፣ መድኃኒቱም የሚጠፋበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ትኩሳት ሲጀምር በብርሃኑ መነሣት ነው።

እንደገና ቢያንቀጠቅጠው፣ ወይም ሌላው ልጅሽን፣ በጎኑ አስተኚው። አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሪ። ማንኪያም፣ መድኃኒትም፣ ጸበልም ቢሆን፤ ራሱን የሳተ ልጅ የሚጨመርለት ነገር ወደ ሳንባው ይገባል። ጭሱን አውጪ፣ በሩን ክፈቺ። ካንቀጠቀጠው፣ ከፈዘዘ፣ ውሃ መጠጣት ካቃተው፣ የቀመሰውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሽማግሌ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት ጉዞ ነው።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ። በቅድሚያ «ሴትዮዋ» አትበያት። ስም አላት፣ ልጅሽ እንኳ ያውቀዋል።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። አዲስ አበባ ሄዶ «ጎጃሜ ነህ? በል ቡዳህን ይዘህ ራቅ በል» ያልተባለ የጎጃም ሰው ካለ ይንገረኝ። ያኔ ወይ እንስቃለን ወይ እንቆጣለን። «ኧረ ተው፣ የተማርን ሰዎች ነን» እንላለን። ወደ ቀያችን ስንመለስ ደግሞ ያችኑ ቃል አንሥተን ማረሻችንን በሚሠራልን ቀጥቃጭና እንጀራችንን የምንጋግርበትን ምጣድ በምትሠራልን ሴት ላይ እንለጥፋለን። በምጣዷ ጋግረን እንበላለን፣ በጀበናዋ ቡና አፍልተን እንጠጣለን፣ ቤቷ ግን ውሃ አንቀምስም። ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ አዋጅ አስነግረው ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ ሠራተኛ አትስደቡ፣ ከእንግዲህ እንዲህ ብሎ የተሳደበ የሰደበው እኔን ነው ብለው ነበር። መቶ ዓመት አለፈው። ንጉሥ ያዘዘውን ሰፈር ሳይሰማ ቀረ።

ለምን ሳይሰማ ቀረ ብትይኝ፣ አንዱ ምክንያት «ይባላል» ነው። ደፍሮ «እሷ ሰው በልታለች፣ አይቻለሁ» የሚል አንድ ሰው አምጪልኝ። አታገኚም። «ይበላሉ ይባላል»፣ «አያቷም እንዲህ ነበሩ ይባላል»፣ «እኔ አላልኩም፣ ሲባል ሰምቼ ነው»። ባለቤት የለውም፣ ስለዚህ የሚጠየቅበትም የለም። በዚህ ዘመን ደግሞ ሳታጣሪ ብትናገሪያቸው ሰው የሚያስገድሉ ሌሎች ቃሎችም አሉ፣ እዚህ አልዘረዝራቸውም፣ አንቺም ታውቂያቸዋለሽ፣ እነሱም የሚጓዙት በ«ይባላል» ነው። ያንቺን ጉዳይ ለየት የሚያደርገው ባለቤት ያለው መሆኑ ነው። ያን ሌሊት የጮኸችው አንቺ ነሽ፣ ሰፈሩ ሰምቷል። ስለዚህ ማንም የማያገኘው ዕድል አንቺ አለሽ፤ «ያልኩት እኔ ነኝ፣ ስህተት ነበር» ብለሽ ብትናገሪ ሰው ይሰማሻል። የታመመው ያንቺ ልጅ ነዋ! ሌላ ሰው ቢናገርላት «ምን አግብቶት» ይባላል፤ አንቺን እንዲህ የሚልሽ የለም።

እንዴት? በመጀመሪያ ቤቷ ሂጂ። ከባልሽ ጋር ብትሄጂ ጥሩ ነው፣ ያለዚያ ከባልሽ ወንድም ጋር፣ እሱ ያየውን መናገር ይችላል። በጓሮ በር ተደብቀሽ በምሽት አትሂጂ፤ ስሟ የጠፋው በአደባባይ ነው። የበደልሽውን ሳታድበሰብሺ ንገሪያት። «ያን ቀን ያልኩት ውሸት ነው። ልጄን ያመመው ወባ ነው። ካንቺ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።» «ሰው ስለሚል ነው»፣ «ደንግጬ ነው» የሚለውን እዚያ አታንሺው፣ ለእኔ ነግረሽኛል፣ ይበቃል። እሷ ደግሞ ደጇን ብትዘጋብሽ፣ ብትሰድብሽ፣ መብቷ ነው። ተመለሽና ሌላ ቀን ሂጂ።

ሽማግሌ እናስገባ የሚል አይጠፋም። ሽምግልና የምንኮራበት ነገር ነው፣ ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ሽማግሌዎቹ ሁለት የተጣሉ ሰዎች ሊያስታርቁ ከመጡ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው። «እሷም ትማል፣ እናንተም ይቅር በሉ» ይሉና ትልቁ በደል ይደገማል። እሷ ምን ብላ ነው የምትምለው? ሰው አልበላሁም ብላ? ማንም ሰው ሰው አለመብላቱን መማል የለበትም። ሽማግሌ ከገባ ይቅርታ ጠያቂው አንድ ወገን ብቻ መሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸው።

የንስሐ አባትሽን አነጋግሪ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ወይ ሰንበቴው ላይ፣ ስለ ሐሰት ምስክርነት ሁለት ቃል ቢናገሩ ያንቺን አሥር ቃል ያህላል። እሳቸው ባይሆንላቸው ራስሽ ሰንበቴው ላይ ተናገሪ። ረጅም ንግግር አያስፈልግም። ምንጭ ስትወርጂ ሴቶቹ ሲያነሡት «እኔ ነኝ ያልኩት፣ ሐኪም ቤት ወባ ነው አሉኝ፣ ከእንግዲህ ስሟን በዚህ አታንሡብኝ» በይ። አንዷ «ይሁና፣ ግን ይባላል እኮ» ትልሻለች። «ማን ነው ያለው?» ብለሽ ጠይቂያት። ያቺ ጥያቄ ብዙ አፍ ታዘጋለች።

በገበያ ቀን ደግሞ ጀበና ግዢ። ሕዝቡ በሞላበት ሰዓት፣ ፊት ለፊቷ ቁጭ ብለሽ፣ እንደ ሰው እየተከራከርሽ ግዢ። ሳትከራከሪ ብትከፍያት ምጽዋት ያስመስለዋል። ከዚያም ቡና ቤትሽ ጥሪያት፣ ከጠራችሽም ቤቷ ሄደሽ ጠጪ፣ ቁርሱንም ብዪ። እኛ አገር ከዚህ የበለጠ አዋጅ የለም፤ ዓመት ሙሉ «ቡዳ አይደለችም» ብትይ የማያምንሽ ጎረቤት ከቤቷ ቆሎ ዘግነሽ ስትወጪ ካየሽ ቆም ብሎ ያስባል።

ልጇን አትርሺያት። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሷ ናት። ጀበና ነገም ይሸጣል፤ ሰባተኛ ክፍል አቋርጣ ቤት የዋለች ልጅ ግን አንድ ዓመት ካለፋት ትዳር ነው የሚመጣባት፣ ያም ከተገኘ። ከሷ ጋር የሚማር ልጅ ያላት ጎረቤት ካለች ጠዋት ጠዋት አብረዋት እንዲሄዱ አድርጊ። የክፍል ኃላፊ መምህሯን አግኝተሽ የሆነውን በግልጽ ንገሪ፤ ክፍል ውስጥ ያን ስም የሚጠራት ልጅ እንዲጠየቅ። ድንጋይ የሚወረውሩትን ልጆች እናቶች ታውቂያቸዋለሽ። አንድ በአንድ ቤታቸው ሂጂ። ስም ማጥፋትም ሆነ የሰው ቤት መደብደብ በሕግ እንደሚያስጠይቅ መንገር ይቻላል፣ ግን እሱን ለመጨረሻ አቆዪው፣ መጀመሪያ እናት ለእናት ተነጋገሩ።

የቀረው የአማትሽ ነገር ነው፣ ይህኛው ከባድ ነው። እልኸኛ አድርገሽ እንዳታያቸው። ሁለት ልጅ ቀብረዋል። «ቡዳ በላብኝ» የሚለው ለእሳቸው ወሬ አይደለም፣ እስከ ዛሬ ይዟቸው የኖረ ነው። ጥፋቱ የሌላ ሰው ነበር ማለት ነው፣ እሳቸው ማድረግ የሚችሉት ነገር አልነበረም ማለት ነው። አንቺ «ወባ ነው» ስትያቸው የሚሰሙት «ልጆችሽ መዳን ይችሉ ነበር» የሚለውን ነው። በዚህ ዕድሜ እንደ አዲስ ልቅሶ እንዲቀመጡ ነው የምትጠይቂያቸው። ስለዚህ የድሮውን አትንኪባቸው። ምን እንደገደላቸው አንቺም እኔም አላየንም፤ ያን ጊዜ እንደዛሬው በየቀበሌው ጤና ኬላ አልነበረም፣ እሳቸውም በአቅማቸው ያልሞከሩት አይኖርም። ይህን ንገሪያቸው፣ እውነትም ነው። የምትከራከሪው ስለዚህ ልጅ ብቻ ይሁን። «እማማ፣ ይህኛው በመርፌ ነው የዳነው፣ ወደፊትም ሲያተኩሰው እኔ ይዤው እሄዳለሁ፣ እርስዎ ደግሞ ይጸልዩልኝ» በያቸው። «ነገሩ ወደ ቤታችን ይዞራል» ላሉት ባልሽ ይመልስላቸው፣ ከምራት ይልቅ ከልጅ ሲመጣ ይዋጣል። ጎረቤትሽን ቤት ስትጠሪ እሳቸው ተነሥተው ቢወጡ አትከልክያቸው፣ አታፋጥጪያቸውም።

ክታቡን ጠይቀሽኛል። ክታብ ማንንም ቡዳ ብሎ አልከሰሰም፣ አያቱን የሚያሳርፋቸው ከሆነ ይቆይ። ሲተኛ ግን ከአንገቱ አውልቂው፣ ልጅ አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ አይተኛም፣ ተጠምጥሞ ሊያንቀው ይችላል። አማትሽ ለምን አወለቅሽው ካሉሽ እዚያው ራስጌው ላይ፣ አጎበሩ ውስጥ አንጠልጥይላቸው። አጎበሩ ግን ተቀዶ ከሆነ ስፊው፣ ከሌላችሁም ጤና ኬላ ጠይቂ።